ለስፒከሩ ያላነሰው መባ

እሑድ ጠዋት ነው። ዝማሬው ሲግል አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። እናቱ አቅፋው ወደ ውጭ ትሮጣለች። በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ፣ «እህቴ፣ ሐሙስ የፈውስና የነጻ ማውጣት ፕሮግራም አለ፤ ያኔ አምጪው» ይላታል። ልጁን ያስጮኸው ግን ልዩ መባ ሰብስበን የገዛነው ስፒከር ነው።

ወገኖቼ፣ ኦቲዝም ጋኔን አይደለም። የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው። የእናት ኃጢአት ያመጣውም አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ጥፋተኛ ሲፈልጉ፣ ጌታ ጥያቄያቸውን ራሱን ነው የጣለው (ዮሐ. 9)። እኛ ከወደቀበት አንሥተን ለዚህች እናት አሸከምናት።

«ጸሎት ይበቃል» የሚሉ አሉ። እኔም እጸልያለሁ። ግን እነዚሁ ወንድሞች መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብቡት መነጽር አድርገው ነው፤ የደም ግፊት ኪኒናቸውንም አይረሱም። ለራሳችን ሐኪም፣ ለእርሷ ልጅ ጸሎት ብቻ? ሽባውን የተሸከሙት ሰዎች እምነት የታየው ጣራ ሲነድሉ ነው (ማር. 2)። ያ ጣራ ማስጠገኛ ነበረው፤ አንድ ሰው ከኪሱ ሳያወጣ አልቀረም።

ገንዘቡ የት ይሂድ ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በአዲስ አበባ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ምን እንደጎደላቸው ተጠይቀው፣ ከሁሉ በላይ የጠቀሱት ለልጃቸው ትምህርት ማጣትን ነው። ጥናት ቅንጦት የሚመስለው ካለ ይህን ይይ፤ ሳንጠይቅ ስንገምት የኖርነውን ነው የነገረን።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እያሳደጉ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ማዕከልን ከፈቱ። እንዲህ ያሉ ማዕከላት ዛሬም ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በብዛት ዋና ከተማዋ ውስጥ ነው። ጅማ ወይም ሆሳዕና ያለ ወላጅ የት ይድረስ? አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ግን እዚያም አለ፣ አዳራሹም ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶ ነው። ደግሞ አንችልም አንበል። መካነ ኢየሱስ በዚያው በሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፍታ አስተምራለች።

ሥልጠናም የግድ ዶክተር አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ተምሮ እንዲሰጠው የታሰበ ነው፤ በአገራችንም ተሞክሯል። ሁለት የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎችን ለማሠልጠን፣ ላለ ማዕከልም የአንድ መምህር ደመወዝ በየወሩ ለመደገፍ የስንት ኮንፍራንስ ባነር ዋጋ ይበቃል?

በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ፦ ለእንግዳ አገልጋይ ሆቴልና ትራንስፖርት ስንት ተያዘ? ለእነዚህ ልጆችስ? መልሱን ይዛችሁ እናቲቱን ፈልጓት። አሁንም ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ልጇን እያባበለች ይሆናል።