ሰጋር ብስክሌት በጓሳ

በመንዝ ድንጋይ ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው ውሎ አድሮ ስለ ኋላ ሾክ ማሰቡ አይቀርም። ነገሩን መጀመሪያ ወገብ ያነሳዋል፣ ጉልበት ይደግፈዋል፣ ኪስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይዘጋዋል። የእኔ ማውንቴን ባይክ ሃርድቴይል የሚባለው ዓይነት ነው። ሾክ ያለው ከፊት ፎርኬላው ላይ ብቻ ነው፤ ከኋላ ብረቱ ደረቅ ስለሆነ ጎማው ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ ሳይቀንስ ለነጂው ያስረክባል። ፊትም ኋላም ሾክ ወዳለው፣ ፉል ሰስፔንሽን ወደሚሉት እንድሸጋገር ወዳጆቼ ሲወተውቱኝ ከርመዋል። አንደኛው ወሬው እንዳልበቃ አይቶ የራሱን መኪና ላይ ጫነና አብረን ወደ ጓሳ፣ ወደ መንዝ የደጋ ሣር መሬት፣ ወጣን፤ እየተለዋወጥን ነዳን። ብስክሌቱ ግሩም ነው። እኔ ግን ለጓሳ ብዬ አልገዛውም፤ ምክንያቴም የገንዘብ ብቻ አይደለም።

አባቶቻችን በዚሁ አገር ላይ ይህን የመሰለ ምርጫ ነበራቸው። ፈረስ ለጦርና ለጉግስ ነው፤ ለረጅም መንገድ በቅሎ ትመረጣለች፤ ከበቅሎም ሰጋሯ። የሰጋር በቅሎ እርምጃ የተቀመጠባትን አያንገጫግጭም፤ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ሲወርድ ሌላው ደቆ እሱ ገና ከቤቱ እንደወጣ ሰው ይታያል። መኳንንቱ የሚመኟት፣ ዋጋዋም ከሌላው በቅሎ የሚለየው ለዚህ ነበር። ፉል ሰስፔንሽን እንግዲህ ሰጋሩ ብስክሌት ነው። ምቾት ፈለገ ብሎ ሰውን መዝለፍ አያምርብንም፤ እኔም ወዳጄን በዚህ አልወቅሰውም።

ሾክ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሞላ ነው። ሞላው ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሞላ፣ ወይም በዘመናዊዎቹ ውስጥ የታመቀ አየር፣ ሲጫኑት ይሰበሰባል፤ ሲለቁት የወሰደውን ጉልበት መልሶ ይወረውራል። ይህን ውርወራ የሚያስታግሰው ዘይት ነው። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ የድንጋዩ ምት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል፤ ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ሾኩን በእጅ ሲነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ባለ ሁለት ሾክ» እየተባሉ ከሚሸጡት ርካሽ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ይህ ዘይት የላቸውም። ከኮርቻው ሥር ወፍራም ሞላ ተሰክቶባቸዋል፣ በቃ። አቀበት ላይ ፔዳሉን በረገጡ ቁጥር ይሰምጣሉ፤ ቁልቁለት ላይ ነጂውን ከኮርቻው ያነሱታል። ክብደታቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ገንዘቡ ለእንዲህ ያለው ብቻ የሚበቃ ሰው ደህና ሃርድቴይል ይግዛ፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

እውነተኛው ፉል ሰስፔንሽን ግን የተመሰከረለት ነው። ማውንቴን ባይክ የሚባለው ስፖርት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በምትባል አውራጃ፣ አሮጌ ብስክሌት ተራራ አውጥተው ቁልቁል በሚለቁ ወጣቶች ሲጀመር የፊትም የኋላም ሾክ አልነበረም። የፊቱ ገበያ ላይ መታየት የጀመረው ወደ 1990 ገደማ ነው፤ የኋላው ከዚያ በኋላ ተስፋፋ። ለረጅም ጊዜ የኋላ ሾክ የቁልቁለት ነጂዎች ዕቃ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ አቀበት የሚወጣ ተወዳዳሪ ክብደቱን ይፈራዋል፣ ጉልበት ይበላል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ ላይ ቼኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ በፉል ሰስፔንሽን፣ ስዊዛዊው ኒኖ ሹርተር በሃርድቴይል እስከ መጨረሻው ተናንቀው ኩልሃቪ በ1 ሰከንድ ቀደመ። ከአራት ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ ወርቁን የወሰደው ራሱ ሹርተር ነው፤ የነዳውም ፉል ሰስፔንሽን ነበር። የተሸነፈ ሰው ከተከራካሪ ይልቅ ቶሎ ይማራል መሰለኝ።

ወደ ጓሳ እንመለስ። የሰሜን ሸዋ መንገድ ባለፉት ዓመታት ሁልጊዜ ክፍት እንዳልነበረ ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ እኛም የሄድነው ሲከፈት ጠብቀን ነው። ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ሲታጠፉ ንፋሱ ይቀበላል። ጓሳ ከዚያም በላይ ነው፤ መሬቱ ከ3,200 ሜትር ይጀምርና ከ3,500 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ተመሳሳይ ዋጋ ካለው ሃርድቴይል ጋር ሲተያይ ፉል ሰስፔንሽን ሁለት ኪሎ ያህል ይከብዳል። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ኪሎ ወሬ ነው፤ ጓሳ አቀበት ላይ ግን ሳንባ ይቆጥረዋል።

ሆኖም መናገር ያለብኝን ልናገር። ጥቁሩ ድንጋይ በፈጠጠበት አቀበት ላይ የወዳጄ ብስክሌት ከእኔ የተሻለ ወጣ። እኔ የኋላ ጎማዬ ድንጋይ ላይ እየነጠረ መሬቱን ሲለቅብኝ፣ የእሱ ጎማ የድንጋዩን ቅርጽ ተከትሎ እየወጣ እየወረደ መሬቱን ይዞ ይቆያል። የኋላ ሾክ ዋና ጥቅሙ ለመቀመጫ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ ዋና ጥቅሙ ለጎማ ነው። ጎማ ከመሬት ካልተለያየ ጉልበት አይባክንም፣ ፍሬንም ይይዛል። በጠጠሩ መንገድ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ማታ ነው የታወቀው፤ እሱ ቆሞ ሻይ ሲያፈላ እኔ የምደገፈው ነገር እፈልግ ነበር።

ጠዋት ግን ነገሩ ተገለበጠ። በጓሳ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። በቀትር፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት 150 ፒኤስአይ ተሞልቶ የነበረ የአየር ሾክ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሲያድር ወደ 140 ይወርዳል፤ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳልና። ዘይቱም ይወፍራል። ስለዚህ ሾኩ ጠዋት ላይ ሲጫኑት ከልክ በላይ ይሰምጣል፣ ለመመለስም ይዘገያል። ነጂው ሲቀመጥ ከሾኩ ጉዞ ሩብ ያህሉ ብቻ እንዲወርድ ተስተካክሎ የነበረው ሁሉ ይዛባል። ወዳጄ ለሾክ የተሠራችውን ትንሿን መንፊያ አውጥቶ በደነዘዘ ጣት ይታገል ጀመር። የእኔም የፊት ሾክ ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ግን አንድ ነው፤ ከኋላ የሚስተካከል የለኝም።

ከዚያ ጥገናው አለ። አምራቾች በተነዳ በየ50 ሰዓቱ ገደማ ሾኩ ተከፍቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ኋላው በሚታጠፍባቸው መጋጠሚያዎች ሁሉ ኩሽኔታ አለ፤ የመንዝ አቧራ በበጋ፣ ጭቃው በክረምት ይገባበታል። አገራችን የጎበዝ ጎሚስታ ችግር የለባትም፤ ካቴና የሚቀጥል፣ ቸርኪዮ የሚያቃና እጅ በየከተማው አለ። ነገር ግን ብስክሌት ለእኛ የአስፋልት ስፖርት ሆኖ ኖሯል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞቿ አብረው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም የአስፋልት ሰው ነው። ተራራውን ለሯጭና ለእግረኛ ትተነዋል። ስለዚህ የኋላ ሾክ ከፍቶ ጎሚኒውን የሚቀይር ሰው ብርቅ ነው፤ ጎሚኒው ራሱ በዶላር ተገዝቶ በሰው ሻንጣ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የሻንጣው ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ የላከ ያውቀዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን በገንዘብና በትዕግሥት ይፈታል። የማይፈታው ሌላ ነው።

ጓሳ ባለቤት የሌለው ሜዳ አይደለም። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ይህን መሬት የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ጠብቆታል። አባ ቄራ ይመረጣል፤ መሬቱ ለከብትም ለማጭድም ይዘጋል፣ አንዳንዴም ለዓመታት፤ ሲከፈትም ሁሉም በአንድነት ገብቶ ሣሩን ያጭዳል። ጓሳ የሚባለው ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ፣ በማኅበረሰብ ኮሚቴ አስቀጠለው። ዛሬ ቱሪስት የሚያድርበት ማረፊያ የእነሱ ነው፤ ሣሩ ውስጥ የሚዞሩት ጠባቂዎችም የእነሱ ልጆች ናቸው።

በዚህ መሬት ላይ ሃርድቴይል የሚነዳ ሰው ከመንገድ አይወጣም። ጨዋ ስለሆነ አይደለም፤ አይችልም። ጓሳ ሣሩ ጉቶ ጉቶ ሆኖ ነው የሚበቅለው፣ በመካከሉ የአይጥ ጉድጓድ ነው፤ ደረቅ የኋላ ብረት ይዞ እዚያ የገባ ሰው ከጥቂት ሜትር በኋላ ወርዶ ይገፋል። የአህያውንና የእግረኛውን መንገድ ይከተላል። ፉል ሰስፔንሽን ግን ይሄዳል። ወዳጄ መንገዱ ዞሮ እንደሚመጣ አይቶ በሣሩ ላይ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ብስክሌቱ ስላስቻለው እንጂ ቸኩሎ አልነበረም። ታች ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ጠባቂ ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁን። «ልጆቼ፣ መንገድ እያለ ምነው በሣሩ?» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ወዳጄ «ይቅርታ አባቴ» ብሎ ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

የሽማግሌው ጥያቄ ከሣሩም ያልፋል። ጓሳ ቀይ ቀበሮ ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው፤ በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ 500 አይሞሉም። ምግባቸው አይጥ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት የጓሳ ጥናት አንድ አስደናቂ ነገር አሳይቷል፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ይህን ለማግኘት ግን ቀበሮው ዋጋ ይከፍላል። በመንጋው መካከል ቀስ ብሎ፣ ሳይሮጥ፣ ሕፃናቱን ሳያይ ይራመዳል፤ ከቸኮለ ጭላዶቹ ያባርሩታል። እንግዲህ በዚህ መንጋ ላይ ድምፅ የሌለው ፈጣን ነገር ከኮረብታው ጀርባ ብቅ ሲል ምን እንደሚከተል ማሰብ አይከብድም። መኪናን እንስሳ ከሩቅ ይሰማዋል፤ ጥሩ ብስክሌት ደግሞ ጥሩ የሚባለው ድምፅ ስለሌለው ነው።

የስፖርቱ አገር የሆነችው ማሪን ይህን ቀድማ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በታማልፓይስ ተራራ ጠባብ የእግር መንገዶች ላይ ብስክሌት ተከለከለ፤ ሰፋፊዎቹ ላይ ደግሞ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት ወሰን ወጣ። ማውንቴን ባይክ የተወለደበት ተራራ ላይ ማውንቴን ባይክ መንዳት በሕግ ተወሰነ ማለት ነው። ያኔ ነጂዎቹ ተቆጥተው ነበር፤ አሁንም የሚቆጡ አሉ። ጓሳ እዚያ ደረጃ ሳይደርስ፣ ብስክሌተኛው ገና በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ ከመንገድ አለመውጣትን ልማድ ማድረግ ይቀላል ባይ ነኝ። መንገድ ላይ ለሚቆይ ሰው ደግሞ ሃርድቴይል ይበቃዋል።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ያነሳው መቃወሚያ አንድ ነው፤ ዕድሜ። «ወገብህን በቄሮ አታስተዳድረውም» አለኝ። እውነት አለው። መልሴ ጎማ ነው። 2.4 ኢንች ስፋት ያለው፣ ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ግፊቱ ወደ 20 ፒኤስአይ ዝቅ ሲል ትንንሹን ድንጋይ ራሱ ይውጠዋል፤ ዋጋውም ከሾክ ጋር አይወዳደርም፤ ቢበሳም በውስጡ የሚጨመረው ፈሳሽ ራሱ ይደፍነዋል። ቀጥሎ ፍሬን እለውጣለሁ፤ ከጓሳ ጫፍ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርደውን ቁልቁለት ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብ ለማረፊያውና አብሮን ለሚዞረው አስጎብኚ ይበቃል።

ወገቤ ይህንንም ካልቻለ የወዳጄን ብስክሌት እገዛዋለሁ። እስከዚያ ኩሽኔታዎቹ ሁሉ ስለሚያልቁ በዋጋ ብዙ የምንጨቃጨቅ አይመስለኝም።