የቁማር ቤት ገቢና የመንግሥት ግምጃ ቤት

የአንድ መንግሥት ወጪ ከገቢው በበለጠ ጊዜ ሦስት መንገዶች በፊቱ ይቀርባሉ፤ እነርሱም ወጪን መቀነስ፣ ግብርን መጨመር፣ አዲስ የገቢ ምንጭ መፈለግ ናቸው። የመጀመሪያው ደመወዝተኛውን፣ ሁለተኛው ግብር ከፋዩን ያስከፋል። ሦስተኛው ማንንም የማያስከፋ ስለሚመስል የሕዝብ እንደራሴዎች ፊታቸውን ወደዚያ ማዞራቸው የተለመደ ነው። ካዚኖ የሚባለው የቁማር ቤት በአሜሪካ ግዛቶች ሕጋዊ ንግድ ሆኖ የተስፋፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ተጫዋቹ በገዛ ፈቃዱ ገንዘቡን ያስይዛል፤ ባለቤቱ ከትርፉ ለመንግሥት ይከፍላል፤ ግምጃ ቤቱም ይሞላል፤ ታዲያ የሚጎዳው ማን ነው? እየተባለ ይጠየቃል። ለዚህ ጥያቄ የኔቫዳና የኒው ጀርሲ ግዛቶች ታሪክ በቂ መልስ ይሰጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኔቫዳ አብዛኛው ምድሯ በረሃ፣ የጥንት ሀብቷም የብርና የወርቅ ማዕድን የነበረ ግዛት ናት። ማዕድኑ እየተሟጠጠ ሄዶ በ1929 የተነሣው የንግድ ውድቀት በተጨመረበት ጊዜ፣ አገረ ገዥው ፍሬድ ባልዛር በማርች ወር 1931 ቁማርን የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። በዚያን ጊዜ የተፈለገው ገቢ የፈቃድ ክፍያ ብቻ ነበር። በ1945 ግን ግዛቲቱ ከቁማር ቤቶች ጠቅላላ ገቢ፣ ማለት ተጫዋቾች ካስያዙት ገንዘብ ላይ ለአሸናፊዎች የተከፈለው ተቀንሶ ለቤቱ ከሚቀረው፣ ከመቶ 1 መቀበል ጀመረች። ከዚያን ቀን ወዲህ መንግሥት ፈቃድ ሰጪ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገቢው ተካፋይ ሆነ። ዛሬ ከፍተኛው የቀረጥ መጠን ከመቶ 6.75 ሲሆን፣ የግዛቲቱ ነዋሪዎች ለግዛታቸው መንግሥት የደመወዝ ግብር አይከፍሉም። በ2023 የኔቫዳ ቁማር ቤቶች ጠቅላላ ገቢ 15.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ ነበር።

ተካፋይ የሆነ ሰው ለባልንጀራው ጠበቃ መሆኑ አይቀርም። በ1950 እና በ1951 በሴናተር ኤስቲስ ኬፎቨር የሚመራው የአሜሪካ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ወንጀለኞች በስውር የቁማር ቤቶች ባለቤት መሆናቸውን በየከተማው እየዞረ መረመረ፤ በላስ ቬጋስም ምስክሮችን ሰማ። በ1951 በማዕከላዊው መንግሥት በኩል በውርርድ ላይ ከመቶ 10 ቀረጥ እንዲጣል በታሰበ ጊዜ፣ የኔቫዳው ሴናተር ፓት ማካራን በብርቱ ተከራክረው ቀረጡ የግዛታቸውን ቁማር ቤቶች እንዳይነካ አደረጉ። የግዛቲቱ በጀት በጠረጴዛው ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ፣ ለጠረጴዛው መከራከር ለግዛቲቱ መከራከር ሆኖ ተቈጠረ።

በሌላ በኩል ኔቫዳ ቁጥጥሯን ማጥበቋ ሊመሰገን ይገባዋል። በ1955 የቁማር ተቈጣጣሪ ቦርድ፣ በ1959 ደግሞ በአገረ ገዥው ግራንት ሶየር ዘመን የቁማር ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1960 ወደ ቁማር ቤት እንዳይገቡ የተከለከሉ ሰዎች ስም ዝርዝር የያዘ መዝገብ ወጣ። ቀድሞ እያንዳንዱ ባለአክሲዮን እየተመረመረ ፈቃድ እንዲያወጣ ስለሚገደድ፣ ብዙ ሺህ ባለአክሲዮኖች ያሏቸው ታላላቅ ማኅበሮች በዚህ ንግድ ሊገቡ አይችሉም ነበር፤ በ1967 እና በ1969 የወጡት ሕጎች ግን በሩን ከፈቱላቸው። በዚያው ዘመን ባለጸጋው ሃዋርድ ሂዩዝ ዴዘርት ኢን የተባለውን ሆቴል ገዝተው ሌሎችንም አከታተሉ። ሂሳቡ በግልጽ የሚመረመር ማኅበር ስውር ባለቤት ካለው ቤት እንደሚሻል አያከራክርም። ነገር ግን የባለቤቱ ማንነት መስተካከሉ የግምጃ ቤቱን ጥገኝነት አልቀነሰውም።

ይህም በ2020 በግልጽ ታየ። በማርች ወር ስለ ኮሮና ወረርሽኝ አገረ ገዥው ስቲቭ ሲሶላክ ቁማር ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ አዘዙ። በኤፕሪል ወር የቤቶቹ ገቢ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 99 በላይ ቀነሰ፤ ሥራ ያጡት ሰዎች ቍጥርም ከመቶ ወደ 30 ተጠጋ። በጁላይ ወር የግዛቲቱ ምክር ቤት ለልዩ ስብሰባ ተጠርቶ ከ1 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ጐደሎ ለመሙላት የጤናና የትምህርት ወጪን ሳይቀር ቈረጠ። ጉዳቱ ለኢትዮጵያውያንም ሩቅ አልነበረም። በላስ ቬጋስ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሆቴሎችና በቁማር ቤቶች ተቀጥረው፣ ታክሲ እየነዱ፣ ወይም ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው ቤተሰባቸውን ያስተዳድራሉ፤ የክላርክ አውራጃ አስተዳደርም በ2023 የንግድ ቤቶቻቸው ያሉበትን ሰፈር ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞታል። ቁማር ቤቱ ሲዘጋ ታክሲው የሚያመላልሰው እንግዳ አጣ፤ ከታክሲ ነጂው የሚበላው ምግብ ቤትም ገበያው ቀዘቀዘ። እንጀራቸው ከአንድ ንግድ ጋር የተሳሰረ ሰዎች ሁሉ አደጋው ይህ ነው።

ስለ ከተማና ስለ ነጋዴ ከሆነ ግን ከኔቫዳ ይልቅ የኒው ጀርሲ ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። አትላንቲክ ሲቲ በባሕር ዳር ያለች የቀድሞ የመዝናኛ ከተማ ናት፤ ሰው ለዕረፍት በአውሮፕላን ወደ ሩቅ አገር መሄድ ሲጀምር ሆቴሎቿ አረጁ። በ1974 ቁማር እንዲፈቀድ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወደቀ። በ1976 ቁማሩ በዚያች ከተማ ብቻ እንዲወሰን፣ ገቢውም ሽማግሌዎችንና አካለ ስንኩላንን እንዲረዳ ሆኖ በድጋሚ ቀረበና አለፈ። አገረ ገዥው ብሬንደን በርን በ1977 ሕጉን ፈረሙ፤ የመጀመሪያው ቁማር ቤት በሜይ ወር 1978 ተከፈተ። ቀረጡ ከጠቅላላ ገቢው ከመቶ 8 ነበር። ከኔቫዳ በቀር በአሜሪካ ሌላ ሕጋዊ የካዚኖ ከተማ ስላልነበረ፣ ከኒው ዮርክና ከፊላደልፊያ የሚመጣው ሕዝብ በሩን አጣበበው።

ይሁን እንጂ የከተማይቱ ነጋዴዎች የጠበቁት ገበያ አልመጣላቸውም። እንግዳው ጧት በአውቶቡስ ይመጣል፤ ቁማር ቤቱም ሳንቲም በጥቅል እያደለ ይቀበለዋል፤ ምግቡን በርካሽ ወይም በነጻ ያቀርብለታል፤ ሱቁም፣ ጠጅ ቤቱም፣ ዘፈኑም በዚያው ጣሪያ ሥር ነው። ማታ ተመልሶ በአውቶቡሱ ይሄዳል። ከዋናው በር ወጥቶ አንድ ጎዳና የተሻገረው እንግዳ ጥቂት ነበር። ስለዚህ በአትላንቲክ ጎዳና ላይ የነበሩ ብዙ ምግብ ቤቶችና ሱቆች፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር እየተዘዋወረ ሳለ ተዘጉ። ምግብን በኪሳራ እየሸጠ ኪሳራውን በቁማር መኪና ከሚመልስ ቤት ጋር፣ ምግብ ሸጦ የሚኖር ሰው ሊወዳደር አይችልም።

ገቢው በ2006 5.2 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ጎረቤቲቱ ፔንስልቬንያ በ2004 ባወጣችው ሕግ መሠረት የራሷን የቁማር መኪናዎች ሥራ አስጀመረች፤ ከነዚህም ገቢ ከግማሽ የሚበልጠውን በቀረጥ ወሰደች። የፊላደልፊያ ሰው በቅርቡ ያገኘውን ጨዋታ ፍለጋ ሩቅ መንገድ የሚሄድበት ምክንያት አልነበረውም። «የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፤ ሞኝ ይልሳል» እንደሚባለው፣ ትርፉ እየተናደ ሳለ ገና አዳዲስ ሕንጻ ይሠራ ነበር። 2.4 ቢሊዮን ዶላር የፈጀው ረቨል የተባለው ሕንጻ በ2012 ተከፍቶ በ2014 ተዘጋ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ከ12ቱ ቁማር ቤቶች 4ቱ ሲዘጉ 8 ሺህ ያህል ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። የቀሩትም የሕንጻችን ዋጋ ወርዷልና የከፈልነው የንብረት ግብር ይመለስልን ብለው ተከራከሩ፤ ለአንዱ ብቻ ሊመለስ የሚገባው ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በ2016 የግዛቲቱ መንግሥት የከተማይቱን አስተዳደር በእጁ አደረገ።

ከዚህ የሚታየው አትላንቲክ ሲቲ ስትሸጥ የነበረው ቁማር ሳይሆን ብቸኝነት መሆኑን ነው። ብቸኝነቱን የሰጣት ሕግ ነበር፤ ሌላ ሕግ ወሰደባት። ጎረቤት ያለው ግዛት ሁሉ የጎረቤቱን ገቢ እያየ ዝም እንዲል ማስገደድ አይቻልም።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የግምጃ ቤቱንና የከተማይቱን ጥቅም ለያየ። ኒው ጀርሲ በ2013 በኢንተርኔት የሚደረገውን ቁማር ፈቀደች። በሜይ ወር 2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስፖርት ውርርድን በግዛቶች ላይ የሚከለክለውን የ1992 ሕግ ሻረ። በ2024 የኢንተርኔቱ ቁማር ገቢ ብቻ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሆነ፤ በቁማር ቤቶቹ አዳራሽ የተገኘው 2.8 ቢሊዮን ያህል ነበር። የመንግሥት ሂሳብ ሹም ሁለቱን ደምሮ ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን በቤቱ ተቀምጦ በስልኩ የሚጫወት ሰው በከተማይቱ አያድርም፣ አይበላም፣ ታክሲም አይሳፈርም። በ2021 የወጣው ሕግ ደግሞ ቁማር ቤቶች ለከተማይቱ በንብረት ግብር ፈንታ የሚከፍሉት ገንዘብ ሲሰላ የኢንተርኔቱ ገቢ እንዳይቈጠር አደረገ፤ የሕጉ ደጋፊዎች ይህ ካልሆነ ቤቶች ይዘጋሉ ብለው ነበር። እነሆ መዘጋትን ማስፈራሪያ አድርጎ ሕግ ማስወጣት የሚቻለው መንግሥት በገቢው ላይ ጥገኛ በሆነበት ቦታ ነው።

ፈቃዱ በቍጥር የተወሰነ በመሆኑም የሚፈርመው እጅ ራሱ ዋጋ ያወጣል። ሉዊዚያና በ1991 ባወጣችው ሕግ በወንዝ ጀልባ ላይ ለሚሠሩ ቁማር ቤቶች ከ15 የማይበልጥ ፈቃድ ወሰነች፤ አገረ ገዥ የነበሩት ኤድዊን ኤድዋርድስም ከፈቃድ ፈላጊዎች በማስገደድ ገንዘብ ተቀብለዋል ተብለው በ2000 ጥፋተኛ ሆኑ፤ 10 ዓመት እስራትም ተፈረደባቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው አባባል እንደዚህ ያለ የተመቸ ሜዳ የሚያገኘው ጥቂት ጊዜ ነው።

በሕጋዊ መንገድ የሚሰጠውም ገንዘብ ቀላል አይደለም። የላስ ቬጋሱ ባለጸጋ ሼልደን አደልሰን ከባለቤታቸው ጋር በ2012 ለምርጫ ዘመቻ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥተዋል። በ2016 የኔቫዳ ምክር ቤት ለእግር ኳስ ስታዲየም ከሆቴል ክፍል ቀረጥ 750 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ ሲፈቅድ፣ ከሐሳቡ ዋና አራማጆች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ስቲቭ ዊን የተባሉት ሌላው የካዚኖ ባለቤት እስከ ጃንዋሪ 2018 ድረስ የሪፐብሊካን ፓርቲ የገንዘብ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ። በአትላንቲክ ሲቲ ሦስት ቁማር ቤቶች የነበሯቸው ዶናልድ ትራምፕም ኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ሀብታም ፖለቲካ ውስጥ መግባቱ በራሱ ወንጀል አይደለም። ይሁን እንጂ ሀብቱ ከመንግሥት ፊርማ የሚመነጭ ሰው፣ ፈራሚውን ለማስመረጥ ገንዘብ ሲያወጣ የሰጪና የተቀባይ ወሰን ይጠፋል። የኒው ጀርሲ ሕግ ይህን አስቀድሞ አይቶ የካዚኖ ባለፈቃዶችና ዋና ዋና ሹማምንታቸው በግዛቲቱ ምርጫ ገንዘብ እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ ኔቫዳ ግን አልከለከለችም።

ለዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሚሆነው ክርክር የታወቀ ነው፤ ሰው ቢከለከልም መጫወቱ አይቀርም፤ ስለዚህ በስውር ለወንጀለኛ ከሚከፍል በግልጽ ለመንግሥት ቢከፍል ይሻላል የሚል ነው። በላስ ቬጋስ በሺህ የሚቈጠር ቤተሰብ በዚህ ሥራ መኖሩም አይካድም። ክርክሩ ግን ቁማርን ስለ መፍቀድ ይናገራል እንጂ በቁማር ላይ በጀት ስለ መመሥረት አይናገርም፤ ሁለቱ ነገሮች ልዩ ልዩ ናቸው።

ስለዚህ ቁማርን የሚፈቅድ መንግሥት ሦስት ነገሮችን ቢያከብር ከነዚህ ግዛቶች ኪሳራ ይድናል። አንደኛ፣ ገቢውን ለመምህራን ደመወዝና ለሆስፒታል መድኃኒት ሳይሆን፣ ባይገኝ ሊቈይ ለሚችል ሥራ ማዋል ነው። ሁለተኛ፣ ፈቃዱን በግልጽ ደንብ መስጠትና ባለፈቃዱን ከምርጫ ገንዘብ ማራቅ ነው። ሦስተኛ፣ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የአካባቢውን ነጋዴዎች መስማትና ከገቢው የከተማይቱን ድርሻ በሕግ ማጽናት ነው። በኢትዮጵያ ከተሞችም ባለፉት ዓመታት ከብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ፈቃድ ያወጡ የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየመንደሩ ሲከፈቱ ስለ ታየ፣ ነገሩ ለሩቅ አገር ብቻ የተተወ አይደለም፤ የንግድ ምክር ቤቶችም ስለ ገቢው መጠን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ከየትኛው ገበያ ተነሥቶ እንደ መጣ ሊጠይቁ ይገባቸዋል።

ብልህ ነጋዴ በዓመት በዓል ሰሞን ባገኘው ትርፍ ተመክቶ የዓመቱን የቤት ኪራይ አይዋዋልም። መንግሥትም ከዚህ የተለየ ሂሳብ የለውም።