ጂጂን በቀን አንድ ዘፈን

በየዓመቱ የካቲት 23 ሲመጣ «አድዋ» ከየሬዲዮ ጣቢያው ይለቀቃል። የህዳሴ ግድብ ዜና በተነሳ ቁጥር «አባይ» ከምስሉ ጀርባ ይሰማል። በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው፣ በቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው፣ ቀዬው ትዝ ያለው ስደተኛ ሁሉ «ናፈቀኝ»ን ይከፍታል። ሦስቱም የእጅጋየሁ ሽባባው ሥራዎች ናቸው። የሚገኙትም እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣውና በቁልምጫ ስሟ «ጂጂ» ተብሎ በተሰየመው አንድ አልበም ውስጥ ነው። አልበሙ 12 ዘፈኖች አሉት። ሦስቱን በቃሉ የሚወጣ ሰው ስለቀሩት ዘጠኙ ቢጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ መልስ ያጥረዋል።

ይህ ሊያስቆጨን ይገባል። ጂጂ የሦስት ዘፈን ድምፃዊት አይደለችም። ግጥሙንም ዜማውንም በአብዛኛው ራሷ እየሠራች፣ ከአንዱ አልበም ወደ ሌላው እየተለወጠች የመጣች ባለሙያ ናት። ሥራዋን በቁንጽል ያወቀ አድማጭ እሷን አወቃት ለማለት ያስቸግራል። መፍትሔው ደግሞ ገንዘብም ብዙ ጊዜም አይጠይቅም፤ በቀን አንድ ዘፈን፣ አልበሙ በተደረደረበት ቅደም ተከተል፣ አንዱንም ሳይዘሉ መስማት ነው።

ለምን አንድ ብቻ? የድሮ ካሴት ልባስ ላይ ከእያንዳንዱ ዘፈን ርዕስ አጠገብ ሦስት ነገር ይጻፍ ነበር፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ሦስቱን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚሰማ ጆሮ ብዙ የለም። ዘፈኑ ጠዋት ሲሰማ ዜማው ቀድሞ ይገባል፤ ሰውየው ሥራ ቦታ ደርሶም ያንጎራጉረዋል። ቀትር ላይ ሲደገም ስንኙ ይለያል፤ ማን ለማን እንደሚናገር፣ ቤቱ የት ላይ እንደሚመታ ይታወቃል። ማታ ሲሰለስ ከድምፁ ኋላ ያለው ይወጣል፤ ቤዙ የት ገባ፣ ከበሮው የት ዝም አለ፣ ሳክስፎኑ ዘፋኟን ይከተላል ወይስ ይመልስላታል? በማግስቱ ሌላ ዘፈን ይመጣል። አልበሙን በአንድ ማታ የሚጨርስ ሰው የሚቀርለት አጠቃላይ ስሜት ነው። በቀን አንዱን የያዘ ግን እያንዳንዱን ለብቻው ያውቀዋል።

እንዲህ ያለው አደማመጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት ያሳትማቸው የነበሩት ሸክላዎች አብዛኞቹ ትናንሾቹ ባለ 45 ዙር ነበሩ፤ በአንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ገጽ አንድ ዘፈን። የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በሸክላ የሰማ ሰው አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ከመቀመጫው ተነስቶ መገልበጥ፣ ካልሆነም ያንኑ መድገም ነበረበት። ካሴት ሲመጣ አንድ ገጽ ሳይቋረጥ ይፈስ ጀመር። አሁን ስልኩ ራሱ ይመርጣል፤ ብዙ ሰው የሰማውን ደጋግሞ ያቀርባል፤ ያልተሰማው እንዳልተሰማ ይቀራል። «አባይ» አንድ ሺህ ጊዜ ሲከፈት ከጎኑ ያለው «ዞማዬ» ወይም «አይናማ» ተራ የማይደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅደም ተከተሉን መጠበቅም የራሱ ፋይዳ አለው። የ2001ዱ አልበም የሚከፈተው በ«ጉድ ፈላ» ነው፤ የሚዘጋው በ«አድዋ»። መካከል ላይ «ባለ ዋሽንቱ»፣ «ጉራማይሌ»፣ «ካህን»፣ «ናፈቀኝ» እና ሌሎቹ ይመጣሉ። አድማጩ ወደ «አድዋ» የሚደርሰው በፍቅር፣ በእምነትና በናፍቆት አልፎ ነው። ለበዓል ቀን ብቻ ተነጥሎ የሚሰማው «አድዋ» እና ከ11 ዘፈኖች በኋላ የሚመጣው «አድዋ» አንድ ዓይነት ስሜት አይሰጡም። በመጀመሪያው ጊዜ የሚሰማው የድል መታሰቢያ ነው። በሁለተኛው ግን ስለ ፍቅረኛዋ፣ ስለ ቀዬዋና ስለ ቤተሰቧ ስትዘፍን የቆየች አንዲት ሴት፣ ይህን ሁሉ በነፃነት መዝፈን የቻለችው በማን ደም እንደሆነ ቆም ብላ ስታስብ ይሰማል።

ዘፈኑን ቀረብ ብሎ ላየው አነሳሱ ያስገርማል። ጂጂ በጦር ሜዳ አትጀምርም፤ በንጉሥ ስምም አትጀምርም። የምትነሳው ከሰው ልጅ ክብር ነው። ከዚያ ወደ ራሷ ትመጣለች፤ ዛሬ የምትኖረውን ሕይወት ለወደቁት ሰዎች ባለ ዕዳ አድርጋ ትቆጥራለች። ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ ፉከራ የለበትም፤ ድምፁ ከመሣሪያው በላይ ብቻውን የሚቆምበት ጊዜ ይበዛል። በማግስቱ ደግሞ አድማጩ የቴዎድሮስ ካሳሁንን «ጥቁር ሰው» ቢከፍት ሌላ አድዋ ያገኛል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው ይህ ዘፈን አፄ ምኒልክን ማዕከል ያደረገ፣ የሽለላና የዘመቻ መንፈስ ያለው፣ አድማጩን ከመቀመጫው የሚያስነሳ ነው። ጦርነቱ አንድ ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው። አንዷ ለሞቱት ታዝናለች፣ ታመሰግናለች፤ አንዱ ከዘማቾቹ ጋር ይዘምታል። ሁለቱን በተከታታይ ቀናት የሰማ ሰው የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከሩን ትቶ አንድ ታሪክ በሁለት ብዕር እንዴት እንደተሠራ ማየት ይጀምራል።

«አባይ»ም ቀኑን ሙሉ የሚያውል ዘፈን ነው። ጂጂ የተወለደችው በአገው ምድር፣ ቻግኒ ነው። አባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ከቦ የሚሄድ ወንዝ ነውና ለእሷ የመማሪያ መጽሐፍ ወሬ አይደለም፤ የአገሯ ዳር ድንበር ነው። ዘፈኑ ወንዙን እንደ ሰው ያናግረዋል። መጀመሪያ ውበቱ ይወደሳል፤ ቀስ እያለ ውዳሴው ወደ ጥያቄ ይዞራል፤ ግብፅ ትነሳለች፤ የወንዙ መዘዝ ይነሳል። ይህ ሁሉ የተዘፈነው የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከመቀመጡ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ዘፈኑን የሚሰማ ሰው ያኔ ምኞትና ቅሬታ የነበረውን ዛሬ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ለዜና ማጀቢያ ሲቆረጥ የሚጠፋው ግን ይኸው ከውዳሴ ወደ ጥያቄ የሚደረገው ጉዞ ነው። ሃያ ሰከንድ ተወስዶለት ውዳሴው ብቻ ይቀራል።

ጂጂ በልጅነቷ ቤት ውስጥ ከቄስ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተምራለች። ይህን የሚያውቅ አድማጭ ድምጿ አንዱን ፊደል ይዞ ሲያንሸራሽር፣ ሲሰብርና ሲመልስ ምንጩን ይገምታል። አስደናቂው ነገር ይህ ድምፅ በ2001ዱ አልበም ያረፈበት ቦታ ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል፣ አሳታሚው የክሪስ ብላክዌል ፓልም ፒክቸርስ ነበሩ። ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ተጫውተውበታል፤ ሦስቱም የጃዝን ታሪክ ከጻፉት መካከል ናቸው። ሳንደርስ በ2022፣ ሾርተር በ2023 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። ከጎጃም የመጣች ልጅ በአማርኛ ስትዘፍን እነዚህ ሰዎች የት ላይ እንደሚገቡ፣ የት ላይ ቦታ እንደሚለቁላት ለመለየት ብቻ ማታ ማታ ያለው ሦስተኛው አደማመጥ ይበቃል፤ አድካሚም አይደለም።

ከዚህ አልበም በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ የበለጠ ያጓጓል። እ.ኤ.አ. በ2003 ላስዌል የ2001ዱን አልበም ዘፈኖች ወስዶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ርዕስ እንደገና ሠራቸው። ድምጿን ወደ ኋላ ገፋ፣ ቤዙንና ማሚቶውን ወደ ፊት አመጣ። «ባለ ዋሽንቱ»ን አንድ ቀን በ2001ዱ፣ በማግስቱ በ2003ቱ መስማት ቅንብር ምን ያህል ዘፈንን እንደሚለውጥ ከየትኛውም ትምህርት በላይ ያሳያል። በዚያው ዓመት አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚባል የቡድን ስም የወጣው «ዛየን ሩትስ» ፊቱን ወደ አገር ቤት ድምፅ ያዞራል፤ «ባቲ»ን የምናገኘው እዚያ ነው። በ2006 የወጣው «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ደግሞ «አምባሰል» አለው። ባቲና አምባሰል ሁለቱም የወሎ ቦታዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ውስጥ ናቸው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው በእነዚህ ሁለት ዘፈኖች ሁለት ቀን ቢያሳልፍ በባቲና በአምባሰል መካከል ያለውን ልዩነት ስሙን እንኳ ሳይጠራ በጆሮው ይለየዋል። በ2010 የወጣው «ምስጋና ኢትዮጵያ» በመድረክ የተቀዳ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ተለክቶ የነበረው ዘፈን ሕዝብ ፊት ሲወጣ ምን እንደሚሆን ይነግረናል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ አሉ። «ሙዚቃ የሚሰማው ለመዝናናት ነው፤ ዘፈን የቤት ሥራ ሊሆን ነው ወይ?» ይላሉ። ለሠርግና ለጭፈራ የተሠራ ዘፈን እንዲህ ይመርመር ያለ የለም፤ እስክስታ መውረድ በቂው ነው። ነገር ግን አንዲት ሰው ዓመታት ወስዳ ስንኝ ለጻፈችበትና ዜማ ለደረሰችበት ሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ትኩረት መስጠት ከደስታው አይቀንስም። እንዲያውም ደስታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ናፈቀኝ»ን የሚወድ ብዙ ሰው የሚወደው የመጀመሪያውን አዝማች ነው፤ እስከ መጨረሻው የሄደ ግን የጨዋታና የቤተሰብ ዝርዝር እየተደራረበ ናፍቆቱን እንዴት እንደሚያከብደው ያገኛል።

ሌላው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ «ሥራዎቹ ሁሉ አይገኙም» የሚል ነው። እውነት ነው። ጂጂ ከ2001 በፊት በዋናነት በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሁለት አልበሞች ሠርታለች፤ እንደነዚህ ያሉ ቀደምት ሥራዎች እንደ ልብ አይገኙም። ማንም ያገኘውን ቀድቶ ሲለጥፍ ደግሞ የዘፈኑ ርዕስ ይሳሳታል፣ ዓመቱ ይጠፋል፣ ተጫዋቾቹ ስም አልባ ይሆናሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሕጉ ያለው ለባለ ሥራው ገቢ ብቻ አይደለም፤ ስሙም ከሥራው ጋር እንዲኖር ነው። አድማጩ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ፤ ከሕጋዊው ቻናል መስማት፣ አልበሙን መግዛት፣ ማን ምን እንደተጫወተ የሚጽፈውን ልባስ ማንበብ።

የስም ጉዳይ ከጂጂም ያልፋል። በእኛ አገር ልማድ ዘፋኙ ይታወቃል፤ ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ከጀርባ ይቀራሉ። እንደ ዓለምፀሐይ ወዳጆና ይልማ ገብረአብ ያሉ ገጣሚያን የጻፏቸውን ስንኞች ሕዝቡ በቃሉ ይወጣቸዋል፤ የማን እንደሆኑ ግን ሁሉም አያውቅም። እንደ ጂጂና እንደ ቴዎድሮስ ካሳሁን ግጥምና ዜማ ራሳቸው የሚሠሩ ድምፃውያን ለጀማሪ አድማጭ የሚመቹት ለዚህ ነው። የአንድን ሰው ሐሳብ ከዘፈን ወደ ዘፈን መከታተል ይቻላል። አንዳንዴም ዘፈኑ ከሙዚቃ አልፎ ይወስዳል፤ የቴዎድሮስን «ማር እስከ ጧፍ» ቀኑን ሙሉ የሰማ ሰው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከመደርደሪያ ሳያወርድ አይቀርም፤ ዘፈኑ የተነሳው ከዚያ ልቦለድ ነውና።

ይህን ልማድ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ማስለመድ የሚችሉት የኤፍኤም ጣቢያዎቻችን ናቸው። በየዕለቱ በአንድ በታወቀ ሰዓት አሥር ደቂቃ ይበቃል። አንድ ባለሙያ ይመረጣል፤ ሥራዎቹ ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ በቀን አንድ አንድ ይቀርባሉ። አቅራቢው ከዘፈኑ በፊት የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ የአቀናባሪውንና የተጫዋቾቹን ስም ያነባል፤ ዓመቱን ይናገራል፤ በዘፈኑ ላይ ሳያወራበት እስከ መጨረሻው ያሰማል። ከጂጂ ቀጥሎ አስቴር አወቀ ብትመጣ ለወራት የሚበቃ ሥራ አላት። ከእሷ በኋላ ከድሬዳዋው አፍራን ቀሎ ቡድን ተነስቶ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የዘፈነው አሊ ቢራ ይከተል፤ ስንኙ በአማርኛ ተተርጉሞ ይነበብ። ከካሴቱ ዘመን አቀናባሪዎችና ተጫዋቾች መካከል ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉና፣ ዘፈኑ በሚሰማበት ቀን ስልክ ተደውሎላቸው እንዴት እንደተሠራ በራሳቸው አንደበት ሊናገሩ ይችላሉ። ያ ቃለ ምልልስ ከዘፈኑ ጋር ተቀድቶ ቢቀመጥ፣ የካሴት ልባሱ የጠፋባቸው ሥራዎች ሁሉ የባለቤቶቻቸውን ስም መልሰው ያገኛሉ።