የእንባ ዘፈን በወጥ ስም

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በተማሪዎች ክበብ አዳራሽ አንድ የቆየ የጃፓን ዘፈን ተከፍቶ ነበር። ጨዋታውን የሚመራው ወንድማችን «አሁን ደግሞ ሱኪያኪ የተባለውን እናሰማችኋለን» አለ፤ ወንዱም ሴቱም ተነሥቶ መጨፈር ጀመረ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ግን ፊቱን አጨማዶ፣ «ይህ እኮ ፍቅረኛውን ያጣ ሰው ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ በጭፈራ ይደረጋልን? ዜማውን የደረሰው ሰው ኀዘን የሚባል ነገር አያውቅም» አለኝ። በዚያ ሌሊት ክርክሩን አልጨረስነውምና የቀረውን እዚህ ላይ ልጻፈው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ሱኪያኪ ማለት ጃፓኖች ቀጫጭን የበሬ ሥጋ ከአትክልት ጋራ በድስት አብስለው የሚበሉት ምግብ ነው። በዘፈኑ ውስጥ ሥጋም ድስትም የለም። እውነተኛው ስሙ «ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ» ሲሆን፣ ወደ ላይ እያየን እንራመድ እንደ ማለት ነው። ግጥሙን ሮኩሱኬ ኤይ፣ ዜማውን ሃቺዳይ ናካሙራ ደረሱት፤ በ1961 ዓ.ም. በሸክላ ሲወጣ ዘፋኙ ክዩ ሳካሞቶ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበረ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መጻፌን አንባቢ ይወቅልኝ።) በእንግሊዝ አገር የፓይ ሸክላ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ሉዊስ ቤንጃሚን ግን የኬኒ ቦል የጃዝ ጓድ የተጫወተውን ለገበያ ሲያዘጋጅ፣ የጃፓንኛው ስም ለሰሚው ይከብዳል ብሎ የምግቡን ስም ለጠፈበት። አሜሪካኖችም ይህንኑ ስም ተቀበሉ። አንድ ፈረንጅ ትዝታችንን «ክትፎ» ብሎ ቢሸጠው ምን እንል ነበር?

ወደ ጓደኛዬ ነገር ልመለስ። በ1960 ዓ.ም. የጃፓን ተማሪዎችና ሠራተኞች መንግሥታቸው ከአሜሪካ ጋራ የተፈራረመውን የጸጥታ ውል በመቃወም አደባባይ ወጡ። ጁን 15 ቀን ተማሪዎች ከፖሊስ ጋራ በፓርላማው ግቢ ሲጋጩ፣ ሚቺኮ ካንባ የተባለች የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ22 ዓመትዋ ሞተች። ውሉ ግን ጸደቀ። ገጣሚው ኤይ ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበረ፤ የግጥሙም አሳብ የመጣለት ተስፋ ቈርጦ ከሰልፍ ሲመለስ ነው።

ዳሩ ግን በግጥሙ ውስጥ ውልም፣ ፖሊስም፣ ፍቅረኛም አልተጠቀሰም። ያለው በሌሊት ብቻውን የሚሄድ፣ እንባው እንዳይፈስ ቀና የሚል ሰው ነው። ሰምና ወርቅ ነው ለማለት ይቃጣኝ ነበር፤ ነገር ግን ባለቅኔ ሰሙንም ወርቁንም ራሱ ያዘጋጃል፤ ኤይ ግን የለቅሶውን ምክንያት ጨርሶ ተወው፤ ሰሚው የራሱን ያገባበታል።

ስለ ዜማውም ጓደኛዬ የጭፈራ ነው ይላል፤ እኔ የእግር መንገድ ነው እላለሁ። አረማመዱን ልብ ብሎ ያዳመጠ ይረዳዋል። በመካከልም ፉጨት አለበት። (በሌሊት ማፏጨት በእኛ አገር ደግ አይደለም ይባላል፤ ይህን ለጊዜው እንለፈው።) የፈተና ውጤት ከተለጠፈበት ሰሌዳ ወድቆ የተመለሰ ተማሪ በመንገድ ላይ ጓደኞቹን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ሁላችን እናውቃለን፤ ያፏጫል። ታዲያ ይህ ሰው አላዘነም እንበልን?

በጁን 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ይህ ዘፈን በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ሦስት ሳምንትም ቈየ። ልጅቱ ከሞተች ልክ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። ሸክላውን ከገዙት ውስጥ ይህን ያስተዋለ የነበረ አይመስለኝም፤ እነርሱን ግን አልወቅስም። በ1981 ዓ.ም. ኤ ቴስት ኦቭ ሃኒ የተባሉት ዘፋኞች በእንግሊዝኛ ቃል የጠፋ ፍቅር ዘፈን አድርገውት ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ፤ ይህም በእኔ አስተያየት የተፈቀደ ነው። ሳካሞቶ ራሱ በኦገስት 12 ቀን 1985 ዓ.ም. 520 ሰዎች ባለቁበት የጃፓን አየር መንገድ አደጋ ከሞተ ወዲያ፣ ዘፈኑን እርሱን እያሰበ የሚሰማው ብዙ ነው። ኀዘንተኛ ሁሉ ሊገባበት ይችላል። እኔን የሚያስቈጣኝ በሩ ላይ የተለጠፈው የምግብ ቤት ስም ነው፤ እርሱ ማንንም ኀዘንተኛ አያስገባም፤ የሚያስገባው የተራበውን ነው።

ስለዚህ ለመጪው ቅዳሜ እውነተኛውን ስም በትልቁ ጽፌ ለጨዋታ መሪያችን እሰጠዋለሁ፤ ከነትርጓሜው ያንብበው። ከዚያ በኋላ የፈለገ ይጨፍር፤ ጓደኛዬም ከፈለገ ይቀመጥ።