ከልጆች ጋር በሐረር ገበያ

የዚህ ወር ወጋችን ስለ ጉዞ ነው። ጉዞው ግን ከእግር ይልቅ የሆድ ጉዞ ነበር።

ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን ሦስቱን ልጆቻችንን ይዘን ሐረር ወረድን። ታላቋ 9 ዓመቷ ነው፤ ተከታዩ 6፤ ትንሹ ደግሞ 3 ሊሞላው ጥቂት ወራት ይቀሩታል። ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «ሕፃን ይዞ ምን የሚሉት ሽርሽር ነው?» እያለ ሲገስጸን ነበር። ነገሩ አልጠፋንም። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ መንገድ ዳር ተቆርጦ የዋለ ፍራፍሬ ለመካከለኛው ልጃችን ገዝተንለት፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በተቅማጥ ሲሰቃይ አብረን ነግቶልን ያውቃል። በሻጩ ለመፍረድ ግን ፊት የለንም። ዝንቡ ሲያርፍበት እያየን የገዛነው እኛው ነን።

በዚህኛው ጉዞ እንግዲህ ደንብ አወጣን። በዓይናችን ፊት በስሎ በትኩሱ የሚሰጠንን እንበላለን፤ ፍራፍሬ ከሆነ ራሳችን አጥበን፣ ራሳችን ልጠን፤ ውሃ የታሸገ ወይም የፈላ። ለክፉም ለደጉም ብለን ኦ.አር.ኤስ. በቦርሳ ያዝን። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጥ መሆኑን ታላቋ ልጃችን ሳትቀር ታውቃለች። አልሐምዱሊላህ፣ ሳይከፈት ተመለሰ።

ለልጅ እግር ከጁገል የተሻለ ከተማ እምብዛም አላየንም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳስገነቡት የሚነገርለት ግንብ የሚከበው ስፍራ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። ጎዳናው ጠባብ ስለሆነ በአብዛኛው መኪና አይገባበትም። ልጅ እጁን ለቅቆ ቢሮጥ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በውስጡ 82 መስጊዶች መኖራቸውን ጠቅሷል። ለቤተሰብ ይህ ትልቅ ምቾት ነው፤ ዐስር ደረሰ ብሎ መጨነቅ የለም።

ሰዓቱን ግን መምረጥ ያስፈልጋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው ከተማዋን በሙሉ ጉልበቷ ያገኛታል። ከቀትር በኋላ ብዙው ሰው ወደ በርጫው ስለሚገባ ገበያው ጋብ ይላል። ስለ ጫቱ የምንለው አለን፤ ለሌላ ወር ይቆየን።

የመጀመሪያው ማዕዳችን ፈቲራ ነበር። ሠሪው በዘይት ባራሰው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ድብልብል ሊጥ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ ዳር ዳሩን እየሳበ እንደ ነጠላ አሳሳት። እንቁላል አፍስሶ አጣጠፋትና ምጣዱ ላይ ጣላት፤ ከማር ጋር አቀረበልን። ልብ ብለን ያየነው ነገር አለ። መካከለኛው ልጃችን ቤት ውስጥ እንቁላል ሲቀርብለት አፉን በሁለት እጁ የሚሸፍን ነው። እዚህ ግን ሲሠራ አፍጥጦ ስላየው፣ «የእኔ የቷ ናት?» ብሎ ተሻማ። አንዱን ፈቲራ ለአራት ከፍለን ስንበላ፣ ሌላ ይጨመር ቢሉም እምቢ አልን። የልጅ ሆድ ትንሽ ነው፤ በመጀመሪያው ቦታ ከሞላ የቀኑ ጉዞ እዚያው አበቃ ማለት ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያላችሁ እናቶች ግን ከማሩ ጣታችሁን ነክራችሁ እንዳታቀምሱት አደራ። ሐኪሞች ማር ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ጨርሶ እንዳይሰጥ የሚከለክሉት፣ ባልጠነከረ አንጀቱ ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ተሕዋስ ሊኖርበት ስለሚችል ነው። የባቢሌ ኦቾሎኒም በየመንገዱ በስኒ ይሰፈራል። ለትልልቆቹ ገዛን፤ ለትንሹ ፍሬውን አልሰጠነውም። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሳያላምጥ ይስበውና ትንፋሹን ይዘጋዋል። ትንሹ አለቀሰ፤ ሙሸበክ ሲቀርብለት ለቅሶው ቆመ።

ጊድር መጋላ ላይ የደረሰብንን እንኳ በአጭሩ እንለፈው። ሥጋ ቤቶቹ አካባቢ ጭልፊቶች ያንዣብባሉ። መካከለኛው ልጃችን ሳንቡሳውን ወደ ላይ አንሥቶ ሲያሳያቸው አንዱ ወርዶ ከጣቱ ላይ ላፍ አድርጎት ሄደ። ልጁ ቢስሚላህ ሳይል ስለያዘው እንደሆነ እህቱ አስረዳችው። ሌላ ገዛንለት፤ ይኼኛውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ በላ።

አሁን ወደ ግመሏ ወተት እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን እሷ ናትና።

በሁለተኛው ቀን ከግንቡ በር አጠገብ አንዲት እናት ወተት ሲሸጡ አገኘናቸው። ዕቃቸው በእንጨት ጭስ የታጠነ ነው። ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽና ጥሩ ጠረን እንዲይዝ የአካባቢው ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ሴትዮዋ ታላቋን ልጃችንን አይተው ፈገግ አሉና «ኢንተላ ቲያ» ብለው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ በትንሽ ጣሳ ቀድተው ዘረጉላት። ሳንቲም አልጠየቁም። ልጅቱ ጣሳውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «ኤጭ! ጭስ ጭስ ይላል፤ ያስጠላል!» አለች።

ሴትዮዋ አማርኛው ብዙም አይገባቸውም ብለን ነበር። ግን «ያስጠላል» የምትለዋን ቃል ማን ያጣታል? ፈገግታቸው ጠፋ፤ ጣሳውን መልሰው ወሰዱ።

እኛም ተናደድን። ባልና ሚስት ተጋግዘን እዚያው ገበያ መሐል፣ ሰው እየሰማ፣ ልጅቱን አዋረድናት። ሌላም ችግር ነበረብን። ሴትዮዋ ቢሰጡንም ያልፈላ ወተት ለልጅ ልንሰጥ አልፈለግንም። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስና ሌላም በሽታ ያመጣል፤ ጭሱ ይህን አይከላከልም፤ መድኃኒቱ ማፍላት ነው። ይህን ግን በእንግድነት ለዘረጋ እጅ እንዴት አድርጎ ይነግሩታል? ልጅቱን ስንቆጣ ለካስ በከፊል በእሷ ቁጣ እኛ ራሳችን ከዚያ ጭንቅ እያመለጥን ኖሯል። አንድ ሊትር ገዛን፤ ቶሎ ቶሎ ተራመድን።

ልጃችን ያን ቀን ምሳም እራትም በቅጡ አልበላችም። ያረፍነው በአንድ የሥራ ባልደረባችን አክስት ቤት ነው፤ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ያሉት የድሮ የሐረር ቤት። ማታ እዚያ መደብ ላይ አጠገቧ ተቀምጠን፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ፣ ከወደዱት እንደሚበሉ ካልወደዱት ዝም ብለው እንደሚተዉት ነገርናት። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ ያስተማርነው ነው። አዳምጣ አዳምጣ እንዲህ አለች፦

«ትናንት አክስታችን ሑልበቱን ሲያቀርቡ አባባ ፊቱን እንዲህ አላደረገም?» አፍንጫዋን ሸብሸብ፣ ከንፈሯን ጠምዘዝ አድርጋ አሳየችን።

እውነት ነው። ሑልበት መረቅ ከአብሽ የሚሠራ የሐረሪዎች ምግብ ነው። ሽታው ለለመደው ሰው የሚናፍቅ፣ ላልለመደው የሚከብድ ነው። በአፋችን «ማሻአላህ፣ ይጣፍጣል» ብለን ነበር። ፊታችን ያለውን ግን አክስታችን አዩት አላዩት አናውቅም፤ ልጃችን ግን አይታዋለች። እናትየው ሳቀች፤ አባትየው ግን መሳቅ አልቻለም። ልጅቱ ከእኛ የተለየችው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊቷና አፏ አንድ ናቸው።

እንዲያው እዚያው ተስማማን። ከእንግዲህ ያልወደዱትን ነገር «ጠገብኩ፣ ጀዛከላህ» ብሎ መተው ይቻላል፤ ፊት ግን አይጠመዘዝም፤ የአባባም ጭምር። ማንም ሳይቀምስ አይፈርድም፤ አንዴ ከቀመሰ ደግሞ ሌላ እንዲጨምር አይገደድም። ይህን ሁለተኛውን የጨመረችው እሷ ናት።

አክስታችን ወተቱን እስኪገነፍል አፈሉት። ለእኛ ከቡና ገለባ የሚፈላውን ሆጃ ቀዱልንና ስለ ሴትዮዋ ነገርናቸው። «ነገ ጠዋት እዚያው ይቀመጣሉ፤ ይህቺ ልጅ ትሂድና ዕቃው በምን እንደሚታጠን ትጠይቃቸው» አሉ። ሌላ ምክር አልጨመሩም።

በማግስቱ ሄድን። ሴትዮዋ መጀመሪያ አላዩንም መሰሉ። ልጃችን ሰላምታ ሰጥታ፣ በአጠገቡ የነበረ ወጣት እያስተረጎመላት ስለ ጭሱ ጠየቀች። ሴትዮዋ ባዶውን ዕቃ ገልብጠው የጠቆረውን ውስጡን አሳዩዋት፤ እጇንም አስገብታ እንድትዳስሰው ፈቀዱላት። የወይራ እንጨት ነው አሏት። ስለ ትናንቱ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እሷም አፏ ላይ ይቅርታው ቢመጣም አልወጣላትም። ይልቅ የራሷን ብር ከኪሷ አውጥታ ግማሽ ሊትር ገዛች፤ ሴትዮዋም ጭማሪ አድርገውላት ጣሳቸውንም «ጠጥታ ትመልሰው» ብለው አዋሱን። እቤት ወስደን አስፈላን፤ ለእሷ በዚያችው ጣሳ ቀዳንላት።

ሁለት ጊዜ ተጎነጨች፤ ፊቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ጠገብኩ፣ ጀዛኩሙላህ» አለች። የቀረውን ወንድሟ ጨለጠው። ጣሳውን አጥባ ከሰዓት በፊት ለሴትዮዋ የመለሰችው ግን እሷ ናት፤ እኛ ከበሩ ማዶ ቆመን ጠበቅናት።