መድኃኒት ምርመራ አይደለም

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ወጣት አንገቱ ላይ ያበጠ ነገር ይዞ ሐኪም ቤት ሲገባ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቲቢን ነው። ጥርጣሬው መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው አገሮች ተርታ መድቧታል። ከአገሪቱ የቲቢ ሕሙማን ከሦስቱ የአንዱ ያህል በሽታው ያለው ከሳንባ ውጭ ነው፤ ከሳንባ ሲወጣም አዘውትሮ የሚቀመጠው በንፍፊት ውስጥ፣ በተለይ በአንገት ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ናሙና ሳይወሰድ የስድስት ወር መድኃኒት ይጀመራል። አብዛኛው ሰው ይድናል። የጥቂቶቹ እብጠት ግን ቲቢ አይደለም፤ ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ነው፣ አለዚያም ከአፍንጫ ጀርባ ወይም ከጉሮሮ ተነሥቶ አንገት የደረሰ ካንሰር ነው። ለእነዚህ ሰዎች ያ ስድስት ወር በሽታው ያለ ከልካይ የሚስፋፋበት ጊዜ ነው።

ክርክሬ ይህ ነው፤ ካንሰር የሆነውን ሥጋ ካልሆነው ለመለየት የታማሚውን ዕድሜ ማውጣት የለብንም። ለዚህ ሥራ የፓቶሎጂ ቤተ ሙከራ አለ። መድኃኒት ሰጥቶ «ይቀንስ እንደሆነ እንይ» ማለት ምርመራ አይደለም። ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ፤ ቤተ ሙከራው «ካንሰር አይደለም» ብሎ ብቻ መቆም አይገባውም። ታዲያ ምን እንደሆነ በስሙ ሊጠራው ይገባል።

የችግሩ ሥር ያለው በዕጢ ጠባይ ውስጥ ነው። አውስትራሊያዊው ፓቶሎጂስት ሩፐርት ዊሊስ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያስቀመጠውን ትርጓሜ የሕክምና ተማሪዎች ዛሬም ያጠኑታል። በእሱ አባባል ዕጢን ዕጢ የሚያሰኘው ዕድገቱ ከአካባቢው ሥጋ ጋር አለመስማማቱ ብቻ ሳይሆን፣ የቀሰቀሰው ምክንያት ከተወገደም በኋላ ማደጉን መቀጠሉ ነው። ቁስል ለመድፈን የሚባዛ ሕዋስ ቁስሉ ሲደርቅ ይቆማል፤ ቲቢ ያሳበጠው ንፍፊትም ባክቴሪያው ሲጠፋ ይሟሽሻል። ዕጢ ግን አይቆምም። እንግዲህ ትርጓሜው የቆመው በጊዜ ላይ ነው፤ ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ስላይድ ግን የአንዲት ቅጽበት ሥጋ ነው። ከሕዋሱ ቅርጽ፣ ከኒውክሊየሱ መጠን፣ ከአሰላለፉ ተነሥቶ ያለፈውንና የሚመጣውን ማንበብ አለበት። የሙያው ክብደት እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒት ሰጥቶ የሚጠብቅ ሐኪም የዊሊስን ትርጓሜ በታማሚው ላይ እየሞከረ ነው ማለት ይቻላል። ሙከራው ደግሞ ያሳስታል። በትክክለኛ የቲቢ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ንፍፊቱ ባክቴሪያው እየሞተ ሳለ ለጊዜው ይበልጥ ሊያብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ማበጡ ካንሰር ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። አንዳንድ ሊምፎማ ደግሞ በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በተለይ በመሀል ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ከተሰጠ እብጠቱ ይሸሻል፣ በኋላ የሚወሰደውንም ናሙና ለማንበብ አስቸጋሪ ያደርገዋል። መቀነሱም እንግዲህ ቲቢ ለመሆኑ ዋስትና አይሰጥም።

የሕክምና ሳይንስ ራሱ በዚህ ጥያቄ ብዙ ተንገላቷል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆጅኪን ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የንፍፊት በሽታ የገለጸው በ1832 እ.ኤ.አ. ነበር። ሮበርት ኮህ በ1882 የቲቢን ባክቴሪያ ካገኘ በኋላ ነገሩ ተወሳሰበ። በ1898 የቪየናው ካርል ሽተርንበርግ በዚህ በሽታ የተያዙ ንፍፊቶችን መርምሮ፣ በውስጣቸው ያሉትን ግዙፍ ሕዋሳት በጥንቃቄ ከገለጸ በኋላ፣ ይህ ለየት ያለ የቲቢ ዓይነት ነው ብሎ ደመደመ። ከመረመራቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቲቢም ስለነበረባቸው ድምዳሜው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። የሞገተችው በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ወጣት ሐኪም ዶሮቲ ሪድ ናት። በ1902 ባሳተመችው ጥናት ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን አሳየች። ሪድም ቢሆን ቲቢ አይደለም አለች እንጂ ካንሰር ነው እስከ ማለት አልደረሰችም፤ ወደ ብግነት አድልታ ነበር። በ1994 የጀርመን ተመራማሪዎች እነዚያን ግዙፍ ሕዋሳት ከስላይድ ላይ አንድ በአንድ ለቅመው ጂናቸውን መረመሩ፤ በየታማሚው ከአንዲት ቢ ሕዋስ የተባዙ፣ ማለትም ካንሰር መሆናቸውንም አዩ። ከሆጅኪን ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ 162 ዓመት አልፏል። ማይክሮስኮፕ የያዙ ሊቃውንት ይህን ያህል የተከራከሩበትን ጉዳይ አንገት በመዳሰስ እንወስናለን ማለት ለታማሚው አደገኛ ነው።

ስላይዱ ምን ያሳያል? ቲቢ ያለበት ንፍፊት ውስጥ ተከላካይ ሕዋሳት ተሰባስበው የሚሠሩት ግራኑሎማ ይታያል፤ መሀሉ አይብ መስሎ የፈረሰ ሥጋ ነው። ይህ ሲገኝ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ግራኑሎማ በሆጅኪን ንፍፊት ውስጥም ይገኛል፣ ካንሰር ባለበት አካባቢም ይበቅላል። በየሆስፒታሉ የተለመደው ኤፍኤንኤ ርካሽና ፈጣን ነው፤ በቀጭን መርፌ የተቀዳው ፈሳሽ ወደ ጂንኤክስፐርት ገብቶ የቲቢውን ዘረመል ሊያሳይ ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አሠራር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግፏል። መርፌ ግን የሚያወጣው የተበታተነ ሕዋስ ነው። የሊምፎማ ማስረጃ ብዙ ጊዜ ያለው ሕዋሳቱ በተሰደሩበት ሥርዓት ውስጥ ነው፤ እሱን ለማየት ንፍፊቱ ሙሉውን መውጣት አለበት። እንቅርትም ላይ እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ዕጢ ካንሰር የሚባለው ሽፋኑን ወይም የደም ሥሩን ጥሶ ሲገኝ ብቻ ስለሆነ፣ መርፌ ያን ሊናገር አይችልም። ስለዚህ በመርፌ መጀመር ጥሩ ነው፤ ጂንኤክስፐርቱ ባዶ ሲመጣ ወይም የታማሚው ሁኔታ ከውጤቱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር በመርፌ መቆም ግን ስሕተት ነው።

ለድሬዳዋ የሙቀቷ ነገር ተጨማሪ ፈተና ነው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሥጋ ከሰውነት በተለየበት ደቂቃ ራሱን መፍጨት ይጀምራል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ከናሙናው አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ቶሎ ካልገባ ኒውክሊየሱ ይደበዝዛል፤ ካንሰሩን ከብግነቱ የሚለየው ምልክት አብሮ ይጠፋል። ናሙናው ድል ጮራ ሆስፒታል ቢነበብ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቢደርስ፣ ወይም አዲስ አበባ ቢላክ፣ የተበላሸው የተበላሸው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያነበው ሰው ሊቅነት አይመልሰውም። በአገራችን ፓቶሎጂስቶች ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ፎርማሊን የተሞላ ጠርሙስ ማስቀመጥ ፓቶሎጂስት አይጠብቅም።

ምርምሩም «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም» ብሎ ብቻ የመቆምን ጉድለት ይደግማል። ኮምፒውተር ስላይድ ማንበብ ችሎ እንደሆነ ከተፈተነባቸው ታዋቂ ውድድሮች አንዱ ካሚሊዮን 16 ነበር። ወደ 400 የሚሆኑት የንፍፊት ስላይዶች የመጡት ከሁለት የኔዘርላንድስ ሆስፒታሎች ሲሆን፣ ጥያቄውም የጡት ካንሰር ወደ ንፍፊቱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚል ነበር። ለእነሱ ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኛ ንፍፊት ግን ቲቢ ወይስ ሊምፎማ ብሎ ይጠይቃል፤ ይህን ያልተማረ ማሽን ድሬዳዋ ቢመጣ የሚሰጠውን መልስ አላምነውም። የጂን ምርመራም ብቻውን አያድነንም። በ2018 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ጤነኛ በሚባል የጉሮሮ ቧንቧ ውስጥ ከካንሰር ጋር የተያያዙ ለውጦችን የተሸከሙ ሕዋሳት ዕድሜ በገፋ ቁጥር ሰፊ ቦታ እንደሚይዙ አሳይቷል። ስለዚህ ከዕጢው አጠገብ የተቆረጠን ሥጋ «ጤነኛ» ብሎ ለማነጻጸሪያ መውሰድም ያጠራጥራል።

እኛ ደግሞ መቁጠር የጀመርነው ካንሰሩን ብቻ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ለመላው አገሪቱ የሚሰጠው ግምትም በአመዛኙ በእሱ ላይ የተመረኮዘ ነው። ካንሰር ያልሆነው ናሙና ግን መዝገብ የለውም። ቲቢ የሆነው፣ በኤችአይቪ ምክንያት ያበጠው፣ በእሳት ተተኩሶ የቆሰለውና የጠነከረው ንፍፊት ሁሉ የሕዋስ ገጽታው ከነታሪኩ ቢቀመጥ፣ ሊምፎማን ለመለየት የሚያስፈልገን ማነጻጸሪያ እሱ ነበር። የውጭ አገር ስላይድ ይህን አይተካም።

ናሙና ሳይወስድ የቲቢ መድኃኒት የሚጀምር ሐኪም ሰነፍ ነው የሚል ሐሳብ የለኝም። መድኃኒቱ በነፃ አለ፤ ቲቢው የበዛ ነው፤ ፓቶሎጂስቱ ሩቅ ነው፤ የተራዘመ ቲቢም ይገድላል። እንዲያውም ለጠና ታማሚ መድኃኒቱ መጀመሩ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ናሙናው መድኃኒቱን ይቅደም፤ ውጤቱ ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ የሚያርመን ነገር በእጃችን ይኖራል። የሆጅኪን ሊምፎማ በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ሰው የሚድንበት ካንሰር ነው፤ የሚያዘውም ብዙ ጊዜ ወጣቶችን ነው።

የድሬዳዋ ጤና ቢሮና የከተማዋ ሆስፒታሎች ከማሽን ግዢ በፊት ፎርማሊን፣ ናሙና አመላላሽና ከነታሪኩ የሚሞላ የመጠየቂያ ቅጽ ያቅርቡ፤ ናሙናው የታሸገባቸውን የፓራፊን ብሎኮችም ከመጣል ይቆጠቡ። አንባቢ ሆይ፣ የእርስዎ ወይም የልጅዎ የአንገት እብጠት ከአራት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ይልቁንም ከትከሻ በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ከሆነ ወይም ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ከታከለበት፣ ናሙና እንዲወሰድ ይጠይቁ፤ የውጤቱንም ወረቀት ቅጂ ተቀብለው ያስቀምጡ።