ካሜራው ያየውን አውጡት!

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አሠሩ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ መቅደላ ለማድረስ መንገድ ተጠርጎ፣ ብዙ መቶ ሰው ጎትቶት ወራት ፈጀ። ማን እንዳዘዘው፣ የማን እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚሄድ መንገድ ዳር የቆመ ገበሬ ሁሉ ያውቅ ነበር። ዛሬ የፋርጣ ወይም የእስቴ ገበሬ ቀና ብሎ የድሮን ድምፅ ቢሰማ ማን ከየት እንደሚመራው የሚነግረው የለም።

የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ ሁለት እስከ 27 ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፣ በሌዘር የሚመሩ አራት ቦምቦች ይሸከማል። 27 ሰዓት! የሚመራው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የሚተኩስበት የለም። ስለዚህ «ተኩስ ተከፈተብኝ፣ ደንግጬ ነው» የሚለው የቆየ የወታደር ምክንያት ለእሱ አይሠራም። አይቶ፣ አጉልቶ፣ አስፈቅዶ ነው የሚመታው።

ታዲያ ምን አይቶ ነው? ኅዳር 2016 ላይ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ በአማራ ክልል አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በድሮን ተመትቶ ሦስት መምህራንን ጨምሮ ሰባት ሰዎች፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ዋበር መናኸሪያ ላይ 13 ሰዎች መገደላቸውን ገለጸ። ሚያዝያ 9 ቀን 2017፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ምሥራቅ ጎጃም ገደብ ላይ የትምህርት ቤት አጥር ለማጠር የተሰበሰበ ሕዝብ ተመታ፤ ነዋሪዎች ሟቾቹን ከ100 በላይ ያደርሷቸዋል። ከዚያ በፊት፣ በ2014 የገና ዕለት፣ ትግራይ ደደቢት የተጠለሉ ተፈናቃዮች አልቀዋል።

ደገኛው ሲኖር ተሰብስቦ ነው። ደቦው፣ ሰንበቴው፣ ተዝካሩ፣ ለቅሶው፣ ገበያው ሁሉ ከላይ ሲታይ «ስብስብ» ነው። በላዩ ላይ መሣሪያ ማንገት በዚህ አገር ከፋኖ በፊትም የነበረ ልማድ ነው። ስብስብንና ጠመንጃን ምልክት አድርጎ የሚመታ ሰው ግማሹን ደቡብ ጎንደር ሊመታ ይችላል።

«ታጣቂዎች ሕዝብ መሐል ይደበቃሉ» ይባላል። ይደበቃሉ፣ እውነት ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያድር ታጣቂም በሕፃናት ሕይወት ይቆምራል፤ ሊወገዝ ይገባል። ነገር ግን ኢትዮጵያ በ1986 የተቀበለችው ሁለተኛው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በእርስ በርስ ጦርነትም ሰላማዊ ሰውን ማጥቃት ይከለክላል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 270ም የጦር ወንጀል ይለዋል። የአንዱ ጥፋት የሌላውን አያጥብም።

ድሮን ከመድፍ በአንድ ነገር ይሻላል፦ የሚመታውን ይቀርጻል። የገደብም ምስል ካልተደመሰሰ አንድ ቦታ ተቀምጧል። መንግሥት ኢላማው ታጣቂ ነበር የሚል ከሆነ ከቀረጻው የበለጠ ማስረጃ ከየት ያመጣል? «የጸጥታ ምስጢር ነው» ማለት አያዋጣም፤ የድሮኑን አቅም አምራቹ ራሱ በማስታወቂያ ይናገራል። በ2017 የድሮን ፋብሪካ ሲመረቅ በቴሌቪዥን አይተናል፤ ያን ጊዜ ምስጢር አልነበረም።

የሚያዝያ 9ኙ ቀረጻ ሳይቆረጥ፣ ከትእዛዙ መዝገብ ጋር፣ ለገለልተኛ መርማሪ ይሰጥ። ያዘዘው ሰው ስምም አብሮ።